ጋሽ ነጎድጓድ ላይ የተቆለፈው መስኮት

መስከረም 21

ለምወድሽ ለሚጣዬ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ከመናኸሪያው አቧራና ጥሩምባ መሐል ተነሥቶ፣ ድንበር ተሻግሮ፣ ሳይጎዳ ሳይጎሳቆል ደጅሽ ይድረስ። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ይቆጣል እንጂ ሌላው ሁሉ ተመስገን ነው። ፈጣሪ ሥራሽን ያቅናልሽ፣ የምትቀመጪበትን ወንበር ያመቻችልሽ። ወንበር ምን ያህል ሰው እንደሚያጣላ በየቀኑ ስለማይ ነው እንዲህ የምመርቅሽ።

ለምን አትደውዪም ብለሽ እንዳትቀየሚኝ። ከስምሪት ክፍል ስልክ ማውራት ወፍጮ ቤት ቆሞ እንደ መንሾካሾክ ነው። ደግሞ በስልክ «እዚህ ጋ ንኪ» ስትዪኝ እኔ እዚያ ጋ እነካለሁ። ወረቀት ይሻለኛል፤ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ፣ ሳይቸኩል ይጠብቀኛል። ካንቺ ከተማ በሳምንት አንዴ የሚመጣው አውቶቡስ ሾፌር እንደሆነ ራሱን የእኔ ፖስታ ቤት አድርጎ ሾሟል። ፖስታውን ሲሰጠኝ እንኳ እጁን እንደ ማኅተም ያሳርፍበታል።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። እናትሽ የአክስቴ ልጅ ብትሆንም እኔና እሷ የአንድ እናት ልጆች ያህል ስለነበርን አንቺን ማዘዝ መብቴ ነው።

የአውቶቡሶቹን መነሻ በየጠዋቱ የምሞላው በኤክሴል ነው፤ መድረሻ፣ ሰዓት፣ የመሳፈሪያ ቁጥር። ኮምፒውተሩ በተጠባባቂዎች አዳራሽ ካለው ትልቅ ቴሌቪዥን ጋር በሽቦ ተያይዟል። እኔ ፊት የሚታየው ሁሉ እዚያም ይታያል። ወንበሩ ግን አንድ ነው። እኔ ለሾፌሮች የመውጫ ወረቀት ልሰጥ ብድግ ስል፣ ጋሽ ነጎድጓድ ቁጭ ይልና በድምፅ ማጉያው ተሳፋሪ ይጠራል። ጋሽ ነጎድጓድ ማለት በወሬ የምታውቂው፣ ድምፁ ከአጥር አልፎ የጎረቤት ሱቅ ብርጭቆ የሚያንቀጠቅጠው ሰውዬ ነው።

በተቀመጠ ቁጥር ምን ያደርጋል መሰለሽ? ጽሑፉን ያጎላዋል። እያጎላ፣ እያጎላ፣ አንዱ ፊደል የበር መዝጊያ እስኪያክል። በአዳራሹ ቴሌቪዥን ላይ ሦስት አውቶቡስ ብቻ ይቀራል። ሌላው ተሳፋሪ መጥቶ ጉንጩን መስተዋቴ ላይ ይለጥፍና የእኔስ የት ሄደ ይለኛል። ይባስ ብሎ ያንቺ አውቶቡስ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ስለሆነች ሁልጊዜ ተቆርጣ የምትቀረው እሷ ናት። ደብዳቤሽ መድረስ አለመድረሱን እንኳ ከገዛ ሰሌዳዬ ላይ ማየት አቃተኝ።

ለምን እንደሚያደርገው ከጠየቅሽኝ፣ ድምፄ ትልቅ ነው ፊደሌም ትልቅ ይሁን ብሎ ነው። ትልቅ ነገር ይወዳል፤ ጫማውን ብታዪው ጀልባ ነው።

እና ሚጣዬ፣ አንድ ነገር ላኪልኝ። ገንዘብ አይደለም። መስኮቱን እኔ እንዳስቀመጥኩት የሚያቆይልኝ ቁልፍ ላኪልኝ። መምጫሽንም ንገሪኝ፤ አልጋሽ ላይ የተከመረውን ልብስ ማንሣት አለብኝ።

የምትናፍቅሽ እትዬ


መስከረም 29

ይድረስ ለውድ እትዬ፣

ጉልበትሽን ፈጣሪ ይማርልሽ፤ ደረጃውንም ዝቅ ያድርግልሽ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ዕቃ አስተላላፊው ድርጅት ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሰውን ሰንጠረዥ ሳስተካክል እውላለሁ። ደብዳቤሽን ያነበብኩት በምሳ ሰዓት ነው። የጋሽ ነጎድጓድ ጫማ ጋ ስደርስ አጠገቤ ያለችው የመጋዘን ኃላፊ ሳቄን ሰምታ ተርጉሚልኝ አለችኝ።

እንግዲህ ስሚኝ። ኤክሴል ውስጥ ሁለት ዓይነት መቆለፍ አለ። አንዱ የተጻፈውን መቆለፍ ነው፤ ማንም ቁጥር እንዳይለውጥ። ሌላው የሚታይበትን መቆለፍ ነው፤ መስኮቱ የት ይቁም፣ ምን ያህል ይስፋ፣ ምን ይታይ፣ ምን ይደበቅ። አንቺ የምትፈልጊው ሁለተኛውን ነው። ቁጥሮቹንማ ራስሽ ቀኑን ሙሉ ትለዋውጫቸዋለሽ።

ፖስታው ውስጥ ፍላሽና የመመሪያ ወረቀት አለ፤ ሰሌዳሽን ከባዶ ሠርቼልሻለሁ። እንደ ወንፊት የሚታዩትን ቀጫጭን መስመሮች አጥፍቻለሁ። ከታች የነበሩትን የሌሎች ገጾች ስሞችና ዳር ላይ ያለውን መጎተቻ ደብቄያለሁ። «መድረሻ፣ ሰዓት፣ መሳፈሪያ» የሚለው የላይኛው ረድፍ ደግሞ ካለበት አይነቃነቅም። ማጉላቱን በተመለከተ አንዲት ትንሽ ትእዛዝ ጽፌ ውስጡ አስቀምጫለሁ፤ አንድ ሰው ቢያጎላው፣ ሌላ ቦታ በነካ ቅጽበት ወደነበረበት ትመልሰዋለች። ያንቺ ሥራ የመጨረሻዋ ናት፤ ወረቀቱ ላይ በቀይ ባሰመርኩት ቦታ ገብተሽ «መስኮቶች» የሚለው ላይ ምልክት አድርጊና የይለፍ ቃል ስጪው። ለማንም እንዳትነግሪ፤ ለእኔም ቢሆን።

ኮምፒውተራችሁ ያረጀ በመሆኑ ዕድለኛ ነሽ። አዲሶቹ ላይ ይሄ የመስኮት መቆለፊያ ቀርቷል። እርጅና አንድ ቦታ እንኳ ጠቀመ።

አንድ ነገር ብቻ፤ ሰውዬውን ለምን እንደሚያጎላው ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?

መምጣቴን በሚቀጥለው እጽፍልሻለሁ።

ሚጣሽ


ጥቅምት 7

ለሚጣዬ፣ ለእጀ ወርቋ፣

እጅሽ ይባረክ፣ ጣትሽን እሾህ አይውጋው፣ የነካሽው ሁሉ ይለምልም። ክንፍ አውጥቻለሁ። ሰሌዳዬን ብታዪው! ነጭ፣ ጥርት ያለ፣ እንደ ታጠበ አንሶላ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ቀና ብሎ ያነባል፣ አንገቱን ይነቀንቃል፣ ወደ መሳፈሪያው ይሄዳል። መስተዋቴ ላይ የጉንጭ ወዝ ማየት ቀረ። ያንቺም አውቶቡስ ከታች ኮራ ብላ ትታያለች።

አዲስ ሥራ አስኪያጅ እንደመጣልን ነግሬሻለሁ? ሸሚዙ እንደተተኮሰ የሚያመሽ ሰው ነው። እኛ አለቃ ካውያ እንለዋለን፤ እሱ ገና አልሰማም። አዳራሹ መሐል ቆሞ ሰሌዳውን አየና ይሄን ማን ሠራው አለ። የአክስቴ ልጅ ልጅ፣ ውጭ አገር ያለች አልኩ። ሌሎቹ ሁሉ ዘመዳቸው ውጭ አገር ምን እንደሚሠራ ሲያስቡ አየኋቸው።

ጋሽ ነጎድጓድን ልንገርሽ። የመጀመሪያው ቀን እንደ ልማዱ ተቀመጠና አጎላው። ከዚያ ሌላ ቦታ ነካ፤ እልም። እንደገና አጎላው፤ እንደገና እልም። እኔ መውጫ ወረቀት የምቆርጥ መስዬ በጎን እያየሁ ሳቄን ዋጥኩት። ይጮኻል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሱ እኮ ሻይ ሲቀዘቅዝበት እንኳ በድምፅ ማጉያ የሚናገር ሰው ነው። እሱ ግን ቀስ ብሎ ቁልፍ አበጀሽለት ማለት ነው እሜቴ ብሎኝ ማይኩን አነሣ። በቃ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መሳፈሪያዎቹ ጋ ወርዶ ከሾፌሮቹ ጋር ከወትሮው በላይ ሲያወራ ይቆያል። ኩርፊያ ነው። ይለፍለታል።

የይለፍ ቃሉን ለማንም አልተናገርኩም። በሕልሜ እንዳላወራው ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ኋላ ግን ብቻዬን እንደምተኛ ትዝ አለኝ።

መምጫሽን አልጻፍሽም።

ኩሩዋ እትዬ


ጥቅምት 15

ይድረስ ለእትዬ፣

ደስታሽ እዚህ ድረስ ሞቀኝ። ደብዳቤሽን ለመጋዘን ኃላፊዋ ተርጉሜ አነበብኩላት። ሻይ ቀዝቅዞበት በድምፅ ማጉያ የሚናገረውን ሰውዬ ማየት አለብኝ ብላለች።

ግን እትዬ፣ ጥያቄዬን ዘለልሽው። ለምን ያጎላው እንደነበር ጠየቅሽው? የማይጮኸው ነጎድጓድ ትንሽ ከነከነኝ።

ስለ መምጣቴ፣ ሥራው ትንሽ በዝቷል። ሲቀልልኝ እነግርሻለሁ። ልብሱን ከአልጋው ላይ አታንሺው፤ ገና ነው።

ሚጣሽ


ኅዳር 5

ለሚጣዬ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ።

ለሦስት አውቶቡስ ሳልጽፍልሽ መቅረቴን አውቃለሁ። አሁንም አልረዝምም። ፊደሉን በጣም ትልቅ ማድረግ እፈልጋለሁ። ሰው ግንባሩን ሳያስጠጋ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ሊያነበው የሚችል። አዳራሹ ግን እንዳለ ይሁን፤ እዚያ ያለው ሰው ምንም አይጉደልበት። ይቻላል? የሚቻል ከሆነ ከወሩ መጨረሻ በፊት ይድረስልኝ። ለማን ነው ለምን ነው አትበዪኝ፤ የሰው ነገር ነው።

ልጄ፣ ከዚህ በፊት ብዙ ነገር አዝዤሻለሁ። ይሄኛው ግን ልመና ነው።

እትዬ


ኅዳር 19

ይድረስ ለምወድሽ እትዬ፣

ይቅር በዪኝ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዘግይቶ ነው። ወንዙ ሞልቶ አውቶቡሱ ድልድዩ ጋ ቆሞ ነበር አለኝ ሾፌሩ። ፖስታውን እንዳይረጥብ ከሸሚዙ ሥር ይዞት ነው የመጣው።

ሐሜት የሌለበት ደብዳቤ ከአንቺ ሲደርሰኝ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ደጋግሜ አነበብኩት። አትበዪኝ ስላልሽ አልልም። ግን «የሰው ነገር ነው» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያ ሰው ራሱ ነው። ስለዚህ ፖስታው ውስጥ አንድ መነጽር ታገኛለሽ፤ በእናቴ ልክ ነው የገዛሁት፣ የሁለታችሁ ዓይን ይመሳሰላል ይባል ስለነበር። ሐኪም ጋ ሂጂ። ካልሄድሽ ለጋሽ ነጎድጓድ እጽፍና በድምፅ ማጉያው ያስጠራሻል።

አሁን ሥራው። ይቻላል፤ ደግሞ ውብ ሆኖ ይቻላል። እስከ ዛሬ አንድ ሰሌዳ በአንድ መስኮት ነበር የምታዩት። አሁን በአዲሱ ፍላሽ ላይ ለአንዱ ሰሌዳ ሁለት መስኮት ከፍቼለታለሁ። ሰሌዳው ያው አንድ ነው፤ አንዱ ላይ የጻፍሽው በሌላውም ወዲያው ይታያል። አስተያየቱ ግን ለየብቻ ነው። የአዳራሹ መስኮት ሁሉንም አውቶቡስ ይዟል። የጠረጴዛው መስኮት ፊደሉ ሰፊ፣ መስመር የሌለው፣ ሦስቱን ዓምዶች ብቻ የያዘ ነው፤ የላይኛው ረድፍ እንደቆመ ከሥሩ ያሉትን በአንድ ጣት እያወረዱ ማንበብ ነው። ያቺን መጠን እየመለሰች ታስቸግር የነበረችውን ትእዛዝ ከሱ ላይ አንሥቻታለሁ። ቴሌቪዥኑ ከእንግዲህ ያንቺን ስክሪን መቅዳቱን ትቶ እንደ ሁለተኛ ጠረጴዛ እንዲያገለግል፣ ወረቀቱ ላይ በሰማያዊ ያሰመርኩትን አድርጊ፤ ከዚያ ኤክሴሉን በሁለቱም ላይ ዘርግተሽ አንደኛውን መስኮት ወደሱ ጎትተሽ አሳልፊው።

ሁለቱ ቦታ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ቆልፊው። ያኔ ማንም መጥቶ አንዱን በሌላው ላይ አያለብስም፣ አያጠብም፣ አይዘጋም።

እየጸለይኩልሽ ነው።

ሚጣሽ


ታኅሣሥ 4

ለሚጣዬ፣ ለዓይን ብርሃኔ፣

ያሰብሽውን ያሳካልሽ፣ የዘራሽውን ያሳጭድሽ፣ ክፉ አይንካሽ። ዛሬ ረጅም ደብዳቤ ነው፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

በመጀመሪያ መነጽሩ። የእኔ ዓይን ደህና ነው ብዬ ልመልስልሽ ነበር። እስኪ ልሞክረው ብዬ ባደርገው በአለቃ ካውያ ሸሚዝ ላይ የሻይ ጠብታ አየሁ፤ ያውም ከአዳራሹ ማዶ ሆኜ። ስለዚህ አልመልስልሽም። ትልቁ ፊደል ግን ለእኔ አልነበረም። ለጋሽ ነጎድጓድ ነው። ያን ጊዜ ሆድ ይፍጀው ብዬ የተውኩት ምስጢሩ የሱ ስለነበረ ነው። አሁን ራሱ ለልጅቷ ንገሪያት ብሎኛል።

በጥቅምት ማለቂያ አንድ ቀን ወደ ሐይቁ የሚሄደው አውቶቡስ ሊነሣ ሲል ጎማው ፈነዳ። ሌላ አውቶቡስ አስመጣሁና የመሳፈሪያ ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ ለወጥኩ። ጋሽ ነጎድጓድ ማይኩን አንሥቶ ጠራ። መድረሻውን ከአንዱ ረድፍ፣ መሳፈሪያውን ግን ከሥሩ ካለው፣ ፋብሪካው ወዳለበት ከተማ ከሚሄደው አውቶቡስ ረድፍ ነበር ያነበበው። አዳራሹ ውስጥ ለሠርግ ወደ ሐይቁ የሚሄዱ ሙዚቀኞች ነበሩ፣ ከነከበሯቸው ከነመለከታቸው። ቴሌቪዥኑ ልክ ነበር። ግን በዚህ መናኸሪያ ሰው ከቴሌቪዥን ይልቅ ነጎድጓድን ያምናል። የተባሉበት ሄደው ተሳፈሩ። ረዳቱም ከበሮ ሲጭን ትኬት ማየት ረሳ። ሐይቁ ዳር ሙሽሪት በባዶ ጭብጨባ ስትገባ፣ ሙዚቀኞቹ የፋብሪካው ከተማ መሐል ቆመው ከፈረቃ ለሚወጡ ሠራተኞች መለከት ይነፉ ነበር አሉ። አሁን ያስቀኛል። ያን ቀን ግን የሙሽራው አባት መጥቶ የአለቃን ጠረጴዛ በቡጢ ሲመታ እዚህ ድረስ ተሰምቷል።

አለቃም ብዙ አላሰበም። የተቀዳ ድምፅ የሚጠራ መሣሪያ ይገዛል፣ ጋሽ ነጎድጓድ ወደ ዕቃ ማስቀመጫ ይዛወራል፣ አለ። ዕቃ ማስቀመጫ ማለት መስኮት የሌለው፣ ሰው ረስቶ የሄደው ጃንጥላ የሚተኛበት ክፍል ነው።

እኔ ደግሞ ተናድጄ ልጣላው ገባሁ። ሰሌዳዬ እንደዚያ ጥርት ብሎ እያለ እንዴት ረድፍ ትስታለህ ልለው። በሩን ስከፍት ግንባሩ ስክሪኑን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በሌላው ከፊደል ፊደል እየዳበሰ ነበር። መግባቴን በእርምጃዬ አወቀ። ፊቱን እንኳ ወደ እኔ አልመለሰም።

«እሜቴ፣» አለኝ፣ «ያ የቆለፍሽው መስኮት መነጽሬ ነበር።»

ሚጣዬ፣ አንቺ ጠይቂው ብለሽ ሁለቴ ጽፈሽልኛል፤ ሁለቴም ዘልዬዋለሁ። እኔ የማውቀው መስሎኝ ነበራ።

ሐኪም ከነገረው ቆይቷል። መነጽር የማያቃናው፣ ማጉላት ብቻ የሚረዳው ሕመም ነው። ለማንም ትንፍሽ ሳይል ምን ሲያደርግ እንደኖረ ታውቂያለሽ? ጠዋት ጠዋት መሳፈሪያዎቹ ጋ ወርዶ ሾፌሮቹን ዛሬ ወዴት ነህ እያለ ይጠይቅ የለ፤ እኛ ሲጋራ ሊለምን ነው፣ እኔ ደግሞ አኩርፎ ነው ስንል፣ ለካ የቀኑን ሰሌዳ በጆሮው ሊሞላ ነው። የአንዳንዱን አውቶቡስ ሞተር በድምፁ ይለያል። የሚያቅተው በመሐል የሚለወጠው ብቻ ነው። እሱን ነበር አጉልቶ የሚያየው፤ እኔ በቁልፍ እስክነጥቀው ድረስ።

ያን ዕለት አለቃ ቢሮ ገባሁ። ሳያስቀምጠኝ ተናገርኩ። «ሰውዬው አልተሳሳተም፤ ዓይኑን የቆለፍኩት እኔ ነኝ።» ምን ማለቴ እንደሆነ አስረዳሁት። የዓይኑን ነገር እንድናገር ጋሽ ነጎድጓድ በር ላይ ፈቅዶልኝ ነበር። አለቃ አዳመጠና እስከ ኅዳር መጨረሻ አያለሁ አለ። አንድ ተሳፋሪ ቢሳሳት መሣሪያው ይገዛል። ያኔ ነው ያቺን አጭር ደብዳቤ የጻፍኩልሽ። ከዚያ በኋላ ወንዙ ሞላ፤ እኔም ያንቺን አውቶቡስ ረድፍ እያየሁ ጥፍሬን በላሁት። በመሐል እሱ ሲጠራ አጠገቡ ቆሜ በጆሮው እነግረው ነበር። ሾፌሮቹም ወረቀት እየጠበቁ ጥሩምባቸውን ይነፉብኛል፤ ይንፉ።

ፖስታሽ ደረሰ። ሰማያዊውንም ቀዩንም ተከትዬ ሁለቱን መስኮት ቦታ ቦታ አስያዝኩ። ጋሽ ነጎድጓድን ጠርቼ አስቀመጥኩት። ተመልሶ ግንባሩን ሊያስጠጋ ሲል ትከሻውን ይዤ ቀጥ አድርጌ መለስኩት። ማይኩ ተዘግቶ፣ በዚያ ድምፁ፣ ከላይ እስከ ታች አነበበልኝ። ጎረቤት ሱቅ ያለችው ልጅ ማይኩ ተከፍቶ ቀረ እንዴ ብላ መጣች።

መቆለፊያው ላይ ስንደርስ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። የይለፍ ቃሉን አንተ ስጠው አልኩት። እየቀለድሽ ነው አለኝ። ጽፎ ሲጨርስ ዞር በዪ አለኝ። አላውቀውም፣ አልጠየቅኩትም።

አሁን መጨረሻውን ስሚ። በወሩ የመጨረሻ ቀን አለቃ ካውያ ጋዜጣ ይዞ አዳራሹ ውስጥ ከተሳፋሪው ጋር ተቀመጠ። ጋዜጣውን አልገለጠም። ነጎድጓድ በጠራ ቁጥር ቀና ብሎ ከቴሌቪዥኑ ጋር ያስተያያል። ሰው በጣም ሲበዛ የፋብሪካው አውቶቡስ ተበላሽቶ ቀረ። ረድፉን ለወጥኩ። እጄን ከኪቦርዱ ሳላነሣ በአዳራሹም በጠረጴዛውም እኩል ተለወጠ፣ እሱም ትንፋሽ ሳይወስድ ጠራው። ሰዉ ነቅሎ ወደ ትክክለኛው መሳፈሪያ ሄደ። እኔ ያን ድምፅ ዘመኔን ሁሉ ሰምቼዋለሁ፤ ሰምቼው ግን አላውቅም ነበር። እንዴት ያለ ድምፅ ነው! የሚሄደውን ሁሉ ሸኝቶ የሚመለስ ይመስላል።

አለቃ ጋዜጣውን አጥፎ ወደ ክፍላችን ገባ። እንደ አለቃ አንድ ነገር መንካት አለበትና ያን ትልቅ መስኮት ይሄ ነገር ሰፋ፣ ትንሽ ጠበብ ይበል ብሎ ሊያጠበው ያዘ። አልነቃነቅ አለው። ደግሞ ሞከረ።

«ይሄ ለምንድን ነው የማይንቀሳቀሰው?»

«ተቆልፎ ነዋ፣» አልኩ።

«ማን ቆለፈው?»

ጋሽ ነጎድጓድ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ «እኔ፣» አለ።

አለቃ አንዴ እሱን፣ አንዴ ስክሪኑን አየ። በሩ ጋ ከደረሰ በኋላ ዞር ብሎ ያን ፊደል ከዚያው ሆኖ ማንበብ እንደሚችል ተናገረ፤ ለእሱም ቢሮ እንዲህ ያለ ይሠራለት እንደሆነ ጠየቀ። የመሣሪያው ነገር ከዚያ ወዲህ አልተነሣም። ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥም ጃንጥላዎቹ ብቻቸውን አሉ።

እትዬሽ፣ ባለመነጽሯ


ታኅሣሥ 12

ይድረስ ለእትዬ፣

እድሜሽን ያርዝመው፤ ደብዳቤሽን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት፣ አውቶቡሴም አለፈኝ። የሚጠራልኝ ነጎድጓድ የለማ።

አፍሬም ኮርቼም ነው የምጽፍልሽ። ኩራቱ ያንቺ ነው፤ በር አንኳኩቶ እኔ ነኝ የቆለፍኩት የሚል ሰው እኛ ድርጅት ውስጥ ብፈልግ አላገኝም። ማፈሬ ደግሞ እኔም እዚህ የብዙ ሰው መስኮት ስለቆለፍኩ ነው። ንጹሕ ሆኖ እንዲታይ ብዬ። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ወደ መጋዘን ኃላፊዋ ሄጄ ሰንጠረዥሽ ይመችሻል ወይ አልኳት። እስከ ዛሬ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ግማሹን አውጥተሽ ጣዪልኝ አለችኝ። አብረን ስናወጣ ዋልን። ጋሽ ነጎድጓድን ሰላም በይልኝ ብላለች፤ ጫማውንም።

እና እትዬ፣ ሥራው በዝቷል ስልሽ የኖርኩት እውነት ነው፤ ግን ሁልጊዜ ይበዛል። ሰው ሲጠይቀኝ «በሚቀጥለው» የምለው ነገር ሆኖ ቀረ። ፈቃድ ጠይቄያለሁ፣ ተሰጥቶኛል። በጥር መጀመሪያ ሳምንት በዚያው በፖስታ ቤታችን አውቶቡስ እመጣለሁ።

ልብሱን ከአልጋው ላይ አንሺው።

ሚጣሽ


ታኅሣሥ 20

ለሚጣዬ፣ ለመጪዋ፣

መንገድሽን ያቅናው፣ ወንዙን ያጉድለው፣ ሾፌሩንም እንቅልፍ አይንካው። ልብሱን አንሥቻለሁ። ከሥሩም የጠፋ መስሎኝ የነበረው ትራስ ተገኘ።

ደብዳቤሽን ለጋሽ ነጎድጓድ አነበብኩለት። ስለ ጫማው የሚለው ጋ ስደርስ ጠረጴዛው ሥር ሰበሰበው። ከዚያ በየትኛው አውቶቡስ ነው የምትመጣው አለኝ። በመጨረሻዋ ረድፍ ባለችው አልኩት።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ። መስኮቱን ሲቆልፍ የአዳራሹን መስኮት ስፋት የለካው እሱ ነው። እኔ ፊደሉን ትንሽ ከፍ ባደርገው ያምራል ብዬ ነበር። እሱ ግን በጣቱ እየቆጠረ እስከ ታች ወረደና እምቢ አለኝ። የልጅቷ ረድፍ ተቆርጦ አይቅር አለ። አንቺ ለመምጣት ሳትወስኚ፣ እሱም እንደምትመጪ ሳያውቅ። ዝም ብሎ፣ እኔ ድሮ በሱ ማጉላት የተነሣ ያንቺን አውቶቡስ አላይም እያልኩ የተነጫነጭኩትን ሰምቶ ያዘው እንጂ።

አንድ ወጣት ሾፌር ትናንት መጥቶ የእናንተ ሰሌዳ ለምን እስከ ታች ይወርዳል፣ ያቺ አውቶቡስ በሳምንት አንዴ አይደል የምትመጣው አለን። ነጎድጓድም አንተ ለምን በየቀኑ ትመጣለህ አለው።

እሱ ያን ቀን ማይኩን ለማንም አላስነካም ብሏል። ድምፁን ከአሁኑ በሙቅ ውኃ እያባበለ ነው። አለቃ ካውያም አዲስ ሸሚዝ አስተኩሷል፤ ለአንቺ ይሁን ለቢሮው ስክሪን አላውቅም።

እንግዲህ «በሚቀጥለው» ብለሽ ብትጽፊልኝ አልሰማሽም። ረድፍሽ እዚያ ላይ ይታያል፣ ሰዉ ሁሉ ያየዋል። ልደብቀው ብል እንኳ አልችልም፤ ቁልፉ ያለው ጋሽ ነጎድጓድ ዘንድ ነው፣ እሱ ደግሞ አይከፍትም።

እትዬሽ